የኦሪገን መንገድ፦ በሬው፣ ኮሌራውና የአንዲት ላም ጣጣ

እዚህ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የውይይት ክሩን የከፈተው ልጅ ቅዳሜና እሑዱን የካውቦይ ፊልም ሲያይ የከረመ ይመስላል። ጨዋ ነው፤ ሰላምታውን አስቀድሞ ነው የገባው። በእሱ አባባል በኦሪገን መንገድ ወደ ምዕራብ አሜሪካ የፈለሱት ቤተሰቦች ፈረስ በሚጎትተው ሸራ ለባሽ ጋሪ ውስጥ ተቀምጠው ሄዱ፤ በየሜዳው የአገሩ ነባር ሕዝቦች ቀስት ዘነበባቸው፤ ጋሪያቸውን ክብ አቁመው ሲታኮሱ አደሩ፤ አብዛኛው ሰው ያለቀውም በዚህ ነው። ከዚያ ጥያቄውን አስከተለ። ሌሊቱን ሲዋጋ ያደረ ሰው በማግስቱ በምን ጉልበቱ መንገድ እንደሚቀጥል አልገባውም።

እኔ እዚህ መድረክ ላይ ከመጻፍ ማንበብ አበዛለሁ። ይሄ ክር ግን ይዞኝ አመሸ። ምላሾቹን በየቁጥራቸው እያነሣሁ ልተርክላችሁ። ሁሉንም አይደለም፤ ገሚሱ ፌዝ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1ኛው መላሽ ረጋ ብሎ ነገሩን መሬት አስያዘው። ዋናው ዘመን ከ1840ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1869 ነው። መነሻው እንደ ኢንዲፔንደንስና ሴንት ጆሴፍ ያሉት የሚዙሪ የወንዝ ዳር ከተሞች ናቸው፤ መድረሻው የኦሪገኑ ዊላሜት ሸለቆ። መንገዱ 3,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአራት እስከ ስድስት ወር ይፈጃል። በ1843 አንድ ሺህ ያህል ሰው በአንድ ወቅት ተነሥቶ ሄደ። በ1848 ካሊፎርኒያ ውስጥ ወርቅ ሲገኝ ደግሞ ሕዝቡ ጎረፈ። ወደ ካሊፎርኒያና ወደ ዩታ የታጠፉት ሲደመሩ ከ300,000 እስከ 500,000 ሰው ይገመታል።

2ኛው ትኬቱ ስንት ነበር ብሎ ቀለደ። ሰዉ ሳቀበት እንጂ ጥያቄው መልስ ነበረው። ድሃ ድሃው አልሄደም። ጋሪ፣ በሬና የግማሽ ዓመት ስንቅ ለመግዛት እርሻውን የሸጠው ብዙ ነው።

3ኛው መላሽ ገጠር ያደገ ሰው ነው። ፈረሱን ከታሪኩ ፈትቶ በሬ ጠመደበት። ከተጓዦቹ አብዛኞቹ ጋሪያቸውን ያስጎተቱት በበሬ ነው፤ አራት ወይም ስድስት ሆኖ በቀንበር ተጠምዶ። ፈረስ እህል ካልቀመሰ ይደክማል፤ በዚያ ሜዳ ላይ ያለው ደግሞ ሣር ብቻ ነው። በሬ ሣሩን ነጭቶ፣ ሲያመነዥክ አድሮ ጠዋት ይነሣል። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ሌባም እንደ ፈረስ አይጎመጅበትም፤ ቀን ከጨለመ ደግሞ ይታረዳል። ጉድለቱ መንቀርፈፉ ነው። በሰዓት ሦስት ኪሎ ሜትር ቢሄድ ነው። ቀኑን ሙሉ ተጉዘው 24 ኪሎ ሜትር ካገኙ ጥሩ ውለዋል ማለት ነው። ነጂው ጋሪው ላይ አይወጣም፤ ልጓምም አይዝም። በበሬዎቹ ግራ በኩል ጅራፉን ይዞ፣ እየጮኸባቸው፣ በእግሩ ይሄዳል።

ከዚያ ስለ ጋሪው ጻፈ፤ እኔን የያዘኝ ይሄ ነው። ሳጥኑ ርዝመቱ ሦስት ሜትር፣ ወርዱ አንድ ሜትር ከሃያ አካባቢ ነው። ሸራው ዝናብ እንዳያስገባ የተልባ ዘይት ይቀባል። ከኋላ ሬንጅና ሞራ የተደባለቀበት ባልዲ ይንጠለጠላል፤ የመንኮራኩሩ ዘንግ በየጊዜው እሱን ካልተቀባ ተፋፍጎ ያልቃል። አየሩ እየደረቀ ሲሄድ የመንኮራኩሩ እንጨት ይኮማተርና ዙሪያውን ያሰረው ብረት ይላላል። ስለዚህ ማታ ማታ ፈትተው ወንዝ ውስጥ ይነክሩታል፤ እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ አብጦ ያድራል። ሞላ የሚባል ነገር የለውም። ጠዋት የታለበ ወተት ባልዲ ውስጥ ተንጠልጥሎ ሲናጥ ይውልና ማታ ቅቤ ወጥቶበት ይገኛል። ወተቱን እንዲህ የሚያደርግ ጋሪ የሰውን ወገብ ምን እንደሚያደርግ አስቡት። ለዚህም ነው ከሕፃን፣ ከበሽተኛና ከነፍሰ ጡር በቀር ሁሉም በእግሩ የሄደው።

4ኛው በዚህ ተቆጣ። በ1849 ወርቅ ለመድረስ የተጣደፉት በቅሎ ይመርጡ እንደነበር ጠቅሶ፣ ሁሉንም በአንድ ቀንበር አትጥመዱ ብሎ ገሠጸ። 5ኛው አስታረቃቸው። ለቸኮለ ወንደላጤ በቅሎ፣ ቤተሰብ ለያዘ በሬ። ጉዳዩ እዚያው አለቀ።

6ኛው ክቡን አነሣ። ጋሪዎቹ ማታ በክብ ይቆሙ እንደነበር አልካደም። ይህ ግን በዋናነት ለከብቱ ነው። የፊተኛው ጋሪ ጭራ ከኋለኛው አፍንጫ ጋር በሰንሰለት ይያያዝና በረት ይሆናል። በሬ ጠፍቶ ማደር ማለት ሜዳ ላይ መቅረት ማለት ነውና። የልጁ ጥያቄ በግማሹ እዚህ ላይ ተመለሰ። አብዛኛው ሰው ሌሊቱን ሲዋጋ ሳይሆን ተኝቶ ነው ያደረው፤ ተራ የደረሰው ብቻ ከብት ይጠብቃል።

7ኛዋ መላሽ ነርስ ነች፤ ራሷ ተናግራለች። የክሩ መልክ የተቀየረው በሷ ነው። ገዳዩን ከፈለጋችሁ ቀስቱን ትታችሁ ውሃውን እዩ አለች። ገዳዩ ኮሌራ ነው። በሚሲሲፒና በሚዙሪ ወንዝ ጀልባዎች ተሳፍሮ እስከ መነሻ ከተሞቹ መጣ። ከዚያ ከቅፍለቱ ጋር አብሮ ተጓዘ። 1849፣ 1850 እና 1852 የከፉት ዓመቶች ነበሩ። መንገዱ ለሳምንታት የፕላት ወንዝን ተከትሎ ነው የሚሄደው። ዛሬ አንዱ ቅፍለት ያደረበት ቦታ ነገ ሌላው ያድርበታል። ሰዉ ከወንዙ ዳር ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ ቆፍሮ ይቀዳል፤ ከጉድጓዱ ብዙም ሳይርቅ ይጸዳዳል። የቀረውን እሷ አልጨረሰችውም፤ አንባቢው ይጨርሰዋል። ጠዋት ደህና የነበረ ሰው ማታ ይቀበራል። መድኃኒት ብለው የሚሰጡት ካምፎርና ኦፒየም ያለበት ጠብታ ነበር። በሽታው የሚገድለው ፈሳሽ አድርቆ ስለሆነ፣ ውሃ፣ ጨውና ስኳር በልኩ ተበጥብጦ ቢሰጥ ብዙው ይተርፍ ነበር ብላለች። ጨውም ስኳርም ጋሪው ላይ ነበረ። ይሄን ሳነብ ደነገጥኩ።

አንድ ነገር ጨመረች። ብዙ ጊዜ መቃብሩን መንገዱ መሐል ይቆፍሩና ጋሪዎቹን በላዩ ያሳልፋሉ። አፈሩ ተረግጦ ይጠብቃል፤ ተኩላም አያገኘውም፣ ምልክትም አይታይም። ቅፍለቱ ፎርት ላራሚ የሚባለውን የመንገዱን ምሽግ አልፎ ወደ ደጋው ሲወጣ በሽታው እየቀለለ ይሄዳል።

8ኛው ሌሎቹን ሞቶች ደረደረ። ወንዝ ሲሻገሩ መስጠም፣ ከሚሄድ ጋሪ ሲዘሉ መንኮራኩር ሥር መግባት። ይሄኛው በተለይ ልጆችን ፈጅቷል። ሦስተኛው ያስቃልም ያሳዝናልም። ጥቃትን ፈርተው ጠብመንጃቸውን አጉርሰው ስለሚሄዱ፣ ራሳቸውንና ጎረቤታቸውን የመቱ ብዙ ነበሩ።

9ኛው ለምን ውሃውን አያፈሉም ነበር ብሎ ጠየቀ። 10ኛው ውሃ መፈላት እንዳለበት በዚያ ዘመን ማንም እንደማያውቅ አስታወሰው። ኮሌራ በውሃ እንደሚተላለፍ ጆን ስኖው የተባለው ሐኪም ለንደን ውስጥ በማስረጃ ያሳየው በ1854 ነው፤ ያኔም ብዙ ሰው አልተቀበለውም። ቡና የጠጣ ግን ሳያውቀው የፈላ ውሃ ጠጣ።

ቡና ተነሣ አይደል? በቃ፣ ክሩ ከእጅ ወጣ። 11ኛው የስንቁን ዝርዝር አመጣ። ለአንድ አዋቂ 90 ኪሎ ዱቄት፣ 68 ኪሎ የተጨሰ የአሳማ ሥጋ፣ 9 ኪሎ ስኳር፣ አራት ኪሎ ተኩል ቡናና ያንኑ ያህል ጨው። ሥጋው ስለበዛ በ1849 ጭነት ለማቅለል ፎርት ላራሚ አጠገብ ከምረው ጥለውት ሄደዋል። ቡናውን የጣለ ሰው ግን እንዳልሰማ ጽፏል። 12ኛዋ ጥሬውን ገዝተው በመጥበሻ እንደሚቆሉት ነገረችን። የተቆላ ቡና በከረጢት አሽጎ በሰፊው መሸጥ የጀመረው አርባክል የሚባለው ድርጅት ነው፤ እሱም በ1865፣ የጉዞው ዘመን ሊያልቅ ሲል። ታዲያ 13ኛው እጣን የሌለው ቡና ቡና ነው ወይ ብሎ ተነሣ። ሌላው ማገዷቸው ምን እንደነበር ጠየቀ። በሜዳው ላይ ዛፍ ስለሌለ የጎሽ ኩበት መሆኑ ተነገረው፤ ሴቶቹ ሲሄዱ ውለው በሽርጣቸው ይለቅሙታል። ከዚያ የኩበት ጭስ ለቡና ጣዕም ይጠቅማል አይጠቅምም የሚል ክርክር ተነሣ። እዚያ ክርክር ውስጥ እኔም ሐሳብ ነበረኝ፤ ዝም አልኩ። አድሚኑ ገብቶ በትሕትና ወደ ርእሱ መለሳቸው።

17ኛው ላይ ልጁ ራሱ ተመልሶ መጣ። ስለ በሬውና ስለ ውሃው አመስግኖ፣ ግን የቀስቱ ጉዳይ ጨርሶ ፈጠራ ሊሆን አይችልም ብሎ ሞገተ። ልክ ነው፤ ፈጠራ አይደለም።

18ኛው ቁጥር ይዞ ገባ። ከ1840 እስከ 1860 ባሉት ሃያ ዓመታት በነባር ሕዝቦች እጅ የተገደሉት ተጓዦች 362 ተብለው ተቆጥረዋል። በተጓዦች እጅ የተገደሉት ነባሮች 426 ናቸው። በሺህ የሚቆጠር ሰው በበሽታ ባለቀበት መንገድ ላይ። እንዲያውም በመጀመሪያዎቹ ዓመቶች ነባሮቹ ጋሪ በወንዝ ሲያሻግሩ፣ መንገድ ሲያሳዩ፣ በስኔክ ወንዝ ዳር የሳልሞን ዓሣ በልብስና በመርፌ ሲለውጡ ነው የሚገኙት። ከዚህም አልፎ፣ በ1857 ዩታ ውስጥ ማውንተን ሜዶውስ በሚባል ቦታ 120 ያህል ተጓዦች ሲታረዱ ነገሩን የመሩት ነጮች ነበሩ፤ ሞርሞን የሚባለው የሃይማኖት ወገን ሚሊሻ። ከነባሮቹ ጥቂት የፓዩት ሰዎችን አሰልፈው ጥፋቱን በነሱ ሊያላክኩ ሞከሩ።

19ኛው መላሽ በዚህ አልረካም፤ ቃሉም ሻካራ ነበር። 18ኛውን መላሽ፣ ቁጥር ደርድረህ ሰላም የነበረ አስመስለሃል ብሎ ወቀሰው። መንገዱ ዳር ያለውን ሣር የጋሪ በሬ ሲጨርሰው፣ ጎሹ ሸሽቶ ሲሄድ፣ ኩፍኝና ኮሌራ ሰፈር ሲያራቁት፣ ይሄ በየትኛው ሰንጠረዥ ነው የሚቆጠረው? ኩፍኝ ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1847 ከነባሮቹ የካዩስ ሰዎች ሚሲዮናዊውን ማርከስ ዊትማንን የገደሉት ልጆቻቸው በኩፍኝ እያለቁ፣ የተጓዦቹ ልጆች ሲድኑ አይተው ነው። ቁጣው ትንሽ በዛ እንጂ ነጥቡ ትክክል ነው።

20ኛው ጉዳዩን ባንዲት ላም ቋጨው። በዕድሜ የገፉ ሰው ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ሌሎቹ ጋሼ እያሉ ነው የሚመልሱላቸው። በ1851 መንግሥት ፎርት ላራሚ ላይ ከነባሮቹ ጋር ተዋዋለ፤ ተጓዦቹን እንዲያሳልፉ በየዓመቱ 50,000 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ለሃምሳ ዓመት ሊሰጥ። የአሜሪካ ሴኔት ሃምሳውን አሥር አደረገው። በነሐሴ 1854 ከነባሮቹ በሺህ የሚቆጠሩ የላኮታ ሰዎች ያንን ዕቃ እየጠበቁ ፎርቱ አጠገብ ሰፍረዋል። አንዲት የሞርሞን ተጓዥ ላም ከቅፍለቱ ተነጥላ ሰፈራቸው ገባች። ሰፈሩ ውስጥ በእንግድነት የነበረ ሰው ገደላት፤ ተበላች። አለቃቸው ኮንከሪንግ ቤር ካሳ ከብት ልስጥ ብሎ ተለማመጠ። ባለላሙ 25 ዶላሬን አለ።

በማግስቱ ግራታን የሚባል፣ ከዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት ከወጣ ብዙ ያልቆየ መቶ አለቃ 29 ወታደርና ሁለት መድፍ ይዞ ሄደ። አስተርጓሚው ሰክሮ እየተሳደበ ነው። ጋሼ እዚህ ላይ ቀስ ብለው ነው የተረኩት፤ ማን ምን እንዳለ፣ ማን የት እንደቆመ። ወታደሮቹ ተኮሱ፤ አለቃው ቆሰለ፤ ከቀናት በኋላም ሞተ። ከወታደሮቹ ግን አንድም ተርፎ የመሰከረ የለም። በተከታዩ ዓመት መስከረም ጄኔራል ሃርኒ ጦር አስከትቶ ብሉ ዋተር ክሪክ ላይ 86 የላኮታ ሰው ገደለ፤ ሴትና ሕፃናት ማርኮ ወሰደ። አሁን በጣት ቁጠሩ። አንድ ላም፣ 25 ዶላር፣ ሁለት እልቂት። ለኔ ከ362 እና ከ426 ይልቅ ነገሩን ያስረዳኝ ይሄ ነው። በሽኩቻ የሚጀምር ነገር ጦርነት የሚሆነው፣ አንደኛው ወገን ሽማግሌ ሲልክ ሌላኛው መድፍ ሲልክ ነው።

21ኛው የዶነር ቅፍለትን ታሪክ አመጣ። በ1846 አቋራጭ አለ ተብለው የሄዱት 87 ሰዎች ሴራ ኔቫዳ ተራሮች ላይ በበረዶ ተይዘው ገሚስ የሚጠጋው አለቀ፤ የተረፉትም የሞቱትን ሥጋ እስከ መብላት ደረሱ። ይሄን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። የማይታወቀው፣ አቋራጩን በመጽሐፍ ያስተዋወቀው ሄስቲንግስ መጽሐፉን ሲጽፍ መንገዱን በጋሪ ቀርቶ በእግሩም ያልረገጠው መሆኑ ነው።

22ኛዋ ሲያትል የምትኖር እህት ናት። ታምዋተር የምትባለውን ከተማ አልፋ ስትሄድ ስለ ጆርጅ ዋሽንግተን ቡሽ እንዳወቀች ጻፈች። ጥቁር ገበሬ ነው፤ ገንዘብም ነበረው። በ1844 ከሚዙሪ ከነቤተሰቡ ተነሣ፤ ሚስቱ ነጭ ናት። አብረውት የሄዱት ሰዎች ችግር ሲገጥማቸው ከኪሱ ይረዳቸዋል። ኦሪገን ሲደርስ ሕጉ ቀድሞት ጠበቀው። በዚያው ዓመት የወጣ ሕግ ጥቁር እንዳይኖር ከልክሏል፤ አልወጣም ያለውም እንዲገረፍ። ግርፋቱ ተግባር ላይ ሳይውል ቢሻርም፣ ክልከላው በሌላ መልክ ተመለሰ። ቡሽም ጓዶቹን ይዞ ከኮሎምቢያ ወንዝ በስተሰሜን፣ ሕጉ በውል ወዳልደረሰበት አገር ተሻገረ። ዛሬ ዋሽንግተን ስቴት የምንለው ነው። በ1852 እህል ሲጠፋ ሊያተርፍበት ይችል የነበረውን ምርቱን ለአዲስ መጤ አካፈለ። መሬቱ የሱ መሆኑ እንዲጸናለት ግን ኮንግረስ በ1855 ለብቻው ሕግ ማውጣት ነበረበት።

23ኛው ወዲያው ዘለለባት። ታሪክ ስናወራ ዘር አታምጡብን፣ አሜሪካ መኖር አእምሯችሁን አበላሸው አለ፤ ትንሽም ተሳደበ። አድሚኑ ስድቡን አጠፋው፣ ሐሳቡን ተወው። ጥሩ አደረገ፤ ምክንያቱም 24ኛው የመለሰለት መልስ ያስፈልግ ነበር። ዘርን ያመጣችው እህታችን ሳትሆን ሕጉ ነው። የ1850 የኦሪገን የመሬት ሕግ ለነጭ ወንድ 320 ኤከር፣ ለባልና ሚስት 640 ኤከር ይሰጣል፤ ግማሹም በሚስት ስም ይመዘገባል። ያ 259 ሄክታር ነው፣ በነጻ። ጥቁር አይገባበትም። መሬቱ የማን እንደነበር ደግሞ ቀድሞ አልተጠየቀም። ኦሪገን በ1857 ሕገ መንግሥቷን ስታጸድቅ ክልከላውን ጻፈችበት፤ የተሰረዘው በ1926 ነው።

ለኔ የክሩ ዋና ነገር ይሄው ነበር። ፊልሙ የሚያሳየን ሰው በበረሃ ሲታገል ነው፤ ትግሉ እውነት ነው። ግን በሬው የሚጎትተው ወደ አንድ ወረቀት ነው፤ የመሬት ወረቀት። ያንን ወረቀት ማን እንደሚያገኝ ጋሪው ሳይነሣ ተወስኗል።

25ኛው በ23ኛው ስለተናደደ ይመስለኛል ቢዲ ሜሰንን ጠቀሰ። ባሪያ ነበረች። በ1848 ከሚሲሲፒ እስከ ዩታ ከጌታዋ ጋሪዎች ኋላ ከብት እየነዳች፣ ሕፃን ታቅፋ በእግሯ ሄደች። ጌታዋ ወደ ካሊፎርኒያ ወሰዳት፤ ካሊፎርኒያ ባርነት የማይፈቀድባት ነበረች። በ1856 ሎስ አንጀለስ ፍርድ ቤት ነጻነቷን አገኘች። አዋላጅ ሆነች፤ መሬት ገዛች፤ ባለጸጋ ሆና ሞተች። ከ23ኛው መልስ አልመጣም።

26ኛው ሁሉም ነገር መቼ አበቃ ብሎ ጠየቀ። ግንቦት 10 ቀን 1869 ዩታ ውስጥ የባቡሩ ሐዲድ ገጠመ፤ የወራቱ መንገድ ወደ ሳምንት ገደማ አጠረ። ጋሪ በአንድ ጊዜ አልጠፋም፤ ባቡር መክፈል የማይችል ለዓመታት ሄዶበታል።

27ኛው ኤዝራ ሚከርን አነሣ። በ1852 ወጣት ሳለ ሚስቱንና አራስ ልጁን ይዞ በበሬ ጋሪ ሄደ። በ1906፣ ዕድሜው 75 አልፎ፣ በሬ ጠምዶ መንገዱን በተቃራኒው ተመለሰበት፤ ዱካው እየጠፋ ስለሆነ በየቦታው ድንጋይ ሊያስተክል። ዋሽንግተን ዲሲ ደርሶ ለፕሬዝዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ጋሪውን አሳየ። በ1924 ደግሞ ያንኑ መንገድ በአውሮፕላን በላዩ በረረበት።

28ኛው ይሄ ውሸት ነው አለ። 29ኛዋ፣ የሲያትሏ እህት፣ ዴቭና ዳንዲ የሚባሉት በሬዎቹ ቆዳቸው ተሞልቶ ለታኮማው የታሪክ ሙዚየም እንደተሰጠ ነገረችው። 3ኛው መላሽ ይህን ሲሰማ ከብዙ ዝምታ በኋላ ብቅ ብሎ ቀንበራቸው አብሮ እንዳለ ጠየቀ። እስካሁን የመለሰለት የለም፤ ከሱ በታች ያሉት ሁሉ ታኮማ መኪና ማቆሚያ ስንት እንደሚያስከፍል ነው የሚጨቃጨቁት።